ውስጡ ወረቀት አለው

ሥራዬ መፈተሽ ነው። እዚሁ ድሬዳዋ፣ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ የተሰፋ ሱሪ ፊቴ ይመጣል። ስፌቱን በጣቴ እከተላለሁ፣ ኪሱን እገለብጣለሁ፣ ዚፑን ሦስት ጊዜ ከፍቼ እዘጋለሁ። እንከን ካለበት ቀይ ምልክት ለጥፌ እመልሰዋለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች «መሲ ኤክስሬይ» ይሉኛል። ይህን የምነግራችሁ እንድታደንቁኝ አይደለም። አንድ ቅዳሜ መፈተሽ የነበረብኝን ካርቶን ሳልፈትሽ ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ፤ በዚያው ሰበብ ወንድሜን አጣሁ። «ምስኪን፣ አታውቅም ነበር» ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው። አውቅ ነበር። መፈተሽ እንጀራዬ ነው።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ግንቦት ነው። እኔ ሠላሳ ዓመቴ፣ ወንድሜ ቢኒያም ሃያ አንድ። አባታችን የባቡር ሠራተኛ ነበር። እሱ ሲሞት ቢኒ ገና ነፍስ አላወቀም፤ እናታችን ስትከተለው ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ነበር። ከዚያ ወዲያ እናትም አባትም እኔ ሆንኩ። «እቴቴ» ነው የሚለኝ። ለገሃሬ አካባቢ ሁለት ክፍል ቤት አለችን፤ አንደኛዋ ክፍል በሯ ወደ መንገድ ነው።

ቢኒ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ የሰው ጌም ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ልጆች ሲመጡ ጨዋታ ይከፍትላቸዋል፣ ሰዓታቸው ሲያልቅ ይዘጋባቸዋል፣ ሲጣሉ ይገላግላቸዋል። ዋናው ሙያው ግን ጥገና ነው። የተሰበረ ጆይስቲክ ሁሉ ከየሰፈሩ ወደ እሱ ይመጣል። በጥርስ ብሩሽና በአልኮል ጠርጎ፣ ከሁለት ሙት አንድ ሕያው ሠርቶ ይመልሰዋል። እጁ የተባረከ ነው ይሉታል። እጁ የተባረከ ሰው ግን ደመወዙ አብሮ አይባረክም።

አንድ ጊዜ ሊሄድ ሞክሯል። እኛ ጋ በባሕር ተሻግሮ መሄድን ተህሪብ ይሉታል፤ ቃሉን ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ካቻምና ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሳይነግረኝ ወጣ። ደወሌ ድንበር ደርሶ፣ እግሩ አብጦ በአራተኛው ቀን ተመለሰ። ያን ቀን እግሩን በጨው ውሃ እያጠብኩ አለቀስኩና፣ «ምን ባደርግልህ ነው የማትሄደው?» አልኩት።

«እቴቴ፣ የራሳችንን ጌም ቤት ብንከፍት የት እሄዳለሁ? የሄድኩት እኮ የምይዘው ነገር አጥቼ ነው» አለኝ።

እኔ እንደ መሐላ ያዝኩት። ወደ መንገድ የምትከፈተው ክፍል ጌም ቤት እንድትሆን ተስማማን።

እንግዲህ ወንድሜን የማታውቁት፣ ሰው ሃያ አንድ ዓመቱ ሲሆን ጌም ሲገዛ ሽፋኑን አይቶ በስሜት የሚገዛ ይመስላችኋል። ቢኒ ባለካሬ ደብተር ገዛ። ቀጣሪው ቤት ቁጭ ብሎ ሁለት ወር ሙሉ የትኛው ጨዋታ፣ በስንት ሰዓት፣ በማን እንደሚጠየቅ መዘገበ። አሁንም ደብተሩ እኔ ጋ ነው። «ኳሱ፦ ጠዋትም ማታም። መኪናው፦ ሐሙስና ቅዳሜ። ድብድቡ፦ የተኳረፉ ልጆች አብረው ሲመጡ።» አንዱ ጨዋታ ፊት ለፊት ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ሽፋኑ በጣም ያምራል። ሁለተኛ የጠየቀው የለም።»

በመጨረሻ አንድ ማሽንና አራት ሲዲ ይበቃናል ብሎ ወሰነ። ሁለት ኳስ፣ አንድ መኪና፣ አንድ ድብድብ።

«ሚስትህንም እንዲህ መዝግበህ ነው የምታገባው?» አልኩት።

«የምታገባኝ ከተገኘች ደብተሩን አቃጥለዋለሁ አቦ» አለኝና ሳቀ።

የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሁለት ሕግ በትልቁ ጽፏል። አንድ፦ ሳይሞከር አይከፈልም። ሁለት፦ ወረቀት የሌለው አይገባም።

ድሬን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር ሁለተኛውን ላስረዳ። ከጅቡቲም ከሱማሌም በኩል ብዙ ዕቃ ወደ ከተማችን ይገባል። አንድ ዕቃ «ወረቀት አለው» ከተባለ ቀረጡ ተከፍሏል፣ ፈታሽ ቢመጣ የምታሳየው ደረሰኝ አለህ ማለት ነው። ከሌለው እንደ ዕድልህ ነው። ሰፈራችን አንድ ሰውዬ ጌም ቤት ከፍቶ፣ ሳምንት ሳይሞላው ማሽኖቹን ከነወንበሩ ጭነው ወስደውበታል። ስለዚህ እዚህ ሰው ሱቅ ሲገባ ሰላምታውን ሳይጨርስ «ወረቀት አለው?» ነው የሚለው።

ሐሙስ ዕለት እቁቤ ወጣልኝ። ዕቅዱ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። በድሬ ሙቀት ከስድስት ሰዓት በኋላ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ይጋደማል፣ የሚቅመውም ይቅማል፤ ከተማው የሚነቃው ከዘጠኝ ወዲያ ነው። ቢኒ የጓደኛውን ቲቪ ተውሶ በባጃጅ ጭኖ ይመጣል፣ አብረን ኤዶ ሆዳን ሱቅ እንሄዳለን፣ ማሽኑንና አራቱን ሲዲ እዚያው ሰክተን ሞክረን እንከፍላለን። ኤዶ በሱማሌኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ ሆዳን ከቀፊራ ገበያ ወረድ ብሎ ኤሌክትሮኒክስ የምትሸጥ ሴትዮ ናት፣ ሁላችንም ኤዶ ነው የምንላት። በቃሏ ብቻ ማሽኑን ለእኛ ብላ ወር ሙሉ አስቀምጣልናለች።

ግን ያን ሳምንት ቢኒ ዝም ብሎብኝ ሰነበተ። ዓርብ ጎረቤቴ፣ ጓደኛው አብዲ ሰኞ ሊወጣ መሆኑን ሹክ አለችኝ። ቤት ስገባ የቢኒን ሸራ ጫማ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አየሁት። ሰው ጫማውን ቢያጥብ ምን ይገርማል? ባለፈው ሲሄድም አጥቦት ነበር። አልጠየቅሁትም። ብጠይቀው ይመልስልኛል፣ መልሱን ፈራሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሽንኩርት ልገዛ ቀፊራ ወረድኩ። የእቁቡን ገንዘብ ጡቴ ሥር ይዤዋለሁ፣ ቤት መተው አላስቻለኝም። ሽንኩርቱን በፌስታል ካንጠለጠልኩ በኋላ ወደ ቤት መታጠፍ ሲገባኝ እግሬ ወደ ኤዶ ሆዳን ሱቅ ወሰደኝ። ማሽኑን አየት አድርጌ ልመለስ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ኤዶ ሆዳን በሩ ሥር ዕቃ እያዘጋጀች ነበር። አጠገቧ አንድ ከሐረር የመጣ ነጋዴ ቆሟል። መሬት ላይ አንድ ካርቶን፤ አፉ ተከፍቶ ውስጡ እንደ ብስኩት የተደረደሩ የጌም ሣጥኖች ይታያሉ።

«አባዮ፣ ዛሬ ቀደምሽ! ወንድምሽስ?» አለችኝ። አባዮ እህቴ ማለቷ ነው።

«ዘጠኝ ሰዓት ነው እንጂ የሚመጣው።»

«ዘጠኝ?» ራሷን ያዘች። «ኧረ እኔ ዘጠኝ ሰዓት የለሁም! ጅግጅጋ ሰርግ አለብኝ፣ ስድስት ሰዓት ዘግቼ መሄድ ነው። ማሽንሽ የእህቴ ልጅ መጋዘን ነው ያለው፣ እሱ ትናንት ቀድሞ ሄዷል። ማክሰኞ ትወስጃለሽ። የት ይሄዳል?»

ማሽኑማ የትም አይሄድም። አብዲ ግን የሚሄደው ሰኞ ነው። ገመድ ላይ ያለችው ሸራ ጫማ ትዝ አለችኝ። ዛሬ ባዶ እጄን ከገባሁ፣ ወንድሜ ማክሰኞን ሳያይ ይወጣል ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ ማለት ይከብዳል። ሰውነቴን አንድ ነገር ወረረው።

«ይሄስ ምንድነው?» አልኩ ካርቶኑን።

«ጌም ነው። ዛሬ ገባ። አርባ ነው፣ ከነካርቶኑ ነው የምሸጠው። ሰውዬው ሊወስደው ነው።»

ነጋዴው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ልጁን ልጠይቀውና» እያለ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ውጭ ወጣ። ጎንበስ ብዬ ሣጥኖቹን አየሁ። ኳስ ተጫዋች፣ መኪና፣ የሚደባደቡ ሰዎች፣ ሁሉም ሽፋን ላይ አሉ። አዲስ፣ ላስቲኩ ያልተቀደደ። ዋጋውን ጠየቅሁ። አርባ ጨዋታ፣ ለማሽኑና ለአራቱ ሲዲ ከያዝኩት የማይበልጥ! በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነጋዴ ሆንኩ። አሥሩን ለእኛ እናስቀራለን፣ ሠላሳውን ለሌሎች ጌም ቤቶች ሸጠን ማክሰኞ ማሽኑን እንገዛለን። ቢኒ በስንት ወር ያልገነባውን ፎቅ እኔ ቆሜ ጨረስኩት።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነበር። «ኤዶ፣ ወረቀት አለው?»

«ወረቀት?» ፈገግ አለች። «ሁሉም ወረቀት አለው። አንዱን ከፍቼ አይቼዋለሁ። ውስጡ ወረቀት አለ። እያንዳንዱ የራሱ ወረቀት አለው፣ ወላሂ!» በሱማሌኛም ደገመችልኝ፤ «ወርቀድ ባ ኩ ጂርታ።» ወረቀት በውስጡ አለ ማለት ነው። ሱማሌኛ ለእኔ እንግዳ አይደለም፣ ተጫውቼበት ነው ያደግሁት።

አርባው ዕቃ አርባ ደረሰኝ! ሌላው ለካርቶኑ ሙሉ አንድ ወረቀት ይኖረዋል፤ ይሄኛው እንዴት ያለ ጠንቃቃ አስመጪ ነው አልኩ። እንግዲህ ሁለተኛው ሕግ ከሚገባው በላይ ተሟላ። አንደኛው፣ ሳይሞከር አይከፈልም የሚለው፣ ቀረ። ከሁለት ሕግ አንዱ ከሞላ ምን ይላል? ደግሞስ የታሸገ ዕቃ ምኑ ይሞከራል?

አንዱን ሣጥን አንስቼ በእጄ ያዝኩት። ቀለለኝ። ይህን ነው የማልረሳው። አንድ ሱሪ አዝራር ቢጎድለው ሳላይ የሚያውቅ እጅ ነው ያለኝ። እጄ ያን ሰዓት ነግሮኛል። «ዘንድሮ ሁሉም ነገር ቀለለ» ብዬ ቀልጄ መለስኩት።

ነጋዴው ከውጭ «ኤዶ፣ ልወስደው ነው!» እያለ ሲመጣ ገንዘቡ ከእኔ እጅ ወጥቶ ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እሷ እንኳ የምትለቅመው ነበራት።

በባጃጅ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ቤት ደረስኩ። የገዛሁትን ሽንኩርት ኤዶ ሱቅ እንደረሳሁት ያወቅሁት ደርሼ ነው። ግድ አልሰጠኝም። ሣጥኖቹን አልጋው ላይ ደርድሬ በአንሶላ ሸፈንኳቸው። ሰባት ሰዓት ገደማ ቢኒ ቲቪውን አቅፎ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ ገባ።

«ዓይንህን ጨፍን» አልኩት።

«እቴቴ፣ በዚህ ሙቀት ምን ጨዋታ ነው?»

«ጨፍን አልኩህ!»

ጨፈነ። አንሶላውን ገፈፍኩና «ክፈት» አልኩት። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ያ ፊት በራ። ለሁለት ሦስት ሰከንድ የስድስት ዓመት ቢኒ ሆኖ አየሁት። በሕይወቴ ለዚያ ፊት ስል የማልከፍለው ነገር የለም፣ ከፈልኩም።

ከዚያ ትልቁ ቢኒ ተመለሰ። «ማሽኑስ?»

«ማክሰኞ።»

«ሞከርሽው?»

«የታሸገ ነው እኮ ቢኒዬ።»

«ወረቀትስ?»

«ወረቀትማ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «እያንዳንዱ የራሱ ወረቀት አለው። ውስጡ!»

ቲቪውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠ። «እያንዳንዱ የራሱ ምን?» አለ። ድምፁ ወረደ። ከዚያ አንድ ሣጥን አንስቶ ጆሮው አጠገብ ነቀነቀው። ድምፅ የለም። ላስቲኩን በጥፍሩ ጫፍ፣ እንዳይቀደድ ተጠንቅቆ ከፈተው። ሲዲ የሚቀመጥበት ክብ ቦታ ባዶ ነው። አንዲት የታጠፈች ወረቀት ብቻ አለች።

«ይኸው ወረቀቱ» አለኝ።

አልገባኝም። ቁጭ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ አስረዳኝ። ሲዲ የለውም፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ማሽኑ ላይ ጽፈሽ፣ ጨዋታውን ከኢንተርኔት ነው የምታወርጂው አለኝ።

«ታዲያ እናውርደዋ!» ብዬ ጮህኩ። «ኢንተርኔት ያለበት ቤት እንሄዳለን!»

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ከሥር ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበ። «ጊዜው አልፏል። እስከ አምና ነው የሚሠራው።» ሁለተኛውን ከፈተ። ሦስተኛውን። አሥር ሣጥን ከፍቶ አሥሩንም ወረቀት አልጋው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋ። ሁሉም ላይ ያችው ቀን ናት። ከዚያ በኋላ መክፈቱን ተወው።

ተዘግቶ እንደሚጠብቀን እያወቅን፣ ካርቶኑን ይዘን በዘጠኝ ሰዓት ኤዶ ሱቅ ሄድን። ያው እንደተባለው ተዘግቷል። የሱቁ በር እጀታ ላይ አንድ ፌስታል ተንጠልጥላለች፤ የረሳሁት ሽንኩርት ነው። ኤዶ ሆዳን ሌላ ሰው እንዳይወስድብኝ አፉን ሁለቴ ቋጥራ አንጠልጥላልኝ ሄዳለች። ሌባ ብትሆንልኝ እንዴት በቀለለኝ ነበር!

ደወልኩላት። መኪና ውስጥ ናት፣ ከኋላዋ ሴቶች ይዘፍናሉ።

«ኤዶ፣ ምንድነው ያደረግሽኝ? ሲዲ የለውም እኮ! ወረቀት ነው!»

«አዎ፣ ወረቀት ነው። ነገርኩሽ እኮ አባዮ! ሁለቴ ነገርኩሽ፣ በሱማሌኛም ነገርኩሽ። እኔ ጌም አላውቅም፣ ከፍቼ ያየሁትን ነው የነገርኩሽ። አንቺ ደስ አለሽ።»

«እኔ እኮ የቀረጡን ወረቀት መስሎኝ ነው!»

«ቀረጥ?» አለች ደንግጣ። «ቀረጥማ የለውም!»

ሳቅሁ። እውነቴን ነው፣ የሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሜ እንደ እብድ ሳቅሁ። ለካ ሁለተኛው ሕግም ፈርሷል። ቢኒ ስልኩን ከእጄ ወስዶ በሱማሌኛ አነጋገራት። ስትጨነቅ፣ ካርቶኑን የሸጠላት ሰው ባሕር ማዶ መሆኑን ስትነግረው ይሰማኛል። እሱ «ዲብ መሌህ ኤዶ፣ ዲብ መሌህ» ይላታል። ችግር የለም ማለት ነው። ሰርጉን ተደሰቺበት ብሎ፣ መርቋት ዘጋው። ሁለት ዓመት የለፋበት ነገር ፈርሶ፣ የሚያጽናናው እሱ ነው።

በደረቁ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አቋርጠን ተመለስን። ካርቶኑን ጥዬው ልሂድ ብል እምቢ ብሎ ትከሻው ላይ ተሸክሞታል። እኔ ሽንኩርቱን ይዣለሁ።

«ተቆጣኝ» አልኩት።

«ለምን ብዬ?»

«ቢያንስ ስደበኝ። ዝም አትበለኝ!»

«አቦ እቴቴ» አለ። «አንቺ እኮ ለራስሽ ጫማ ለመግዛት እንኳ ሦስት ወር የምታስቢ ሰው ነሽ። በዕድሜሽ አንድ ቀን ቸኮልሽ። እሱንም ለእኔ ብለሽ።»

«እንደገና እንጀምራለን። ሌላ እቁብ እገባለሁ።»

«አዎ። እንጀምራለን።»

ፊቱን ላየው ፈልጌ ካርቶኑ ከለለኝ። ሰኞ ከአብዲ ጋር ትሄዳለህ ወይ የሚለው ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። በዚያ ቀን እሱን ለመጠየቅ መብት ያለኝ አልመሰለኝም። ያንንም «አዎ» ሳልፈትሽ አሳለፍኩት።

እሑድ ቢኒ ከቤት አልወጣም። ወር ሙሉ የሚንቋቋውን ማራገቢያ ፈትቶ ዘይት ሰጠው። የቧንቧውን ጎማ ቀየረ። የመንገድ ዳሯን ክፍል ቁልፍ አስተካከለ፣ የስልኬን ቻርጀር በየደ። እኔ ሞኟ፣ ታርቆኛል፣ ቤቱ ሊቆይ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ልብስ እያጠብኩ አንጎራጎርኩ። ወንድሜ ለካ ከሄደ በኋላ የሚበላሽብኝን ነገር ሁሉ አስቀድሞ እየጠገነልኝ ነበር። እሱ ሁሉንም በዕቅድ ነው የሚሠራው።

ሰኞ ንጋት ላይ የፋብሪካው ሰርቪስ እስከሚቆምበት ሸኘኝ። እንዲህ አያደርግም ነበር። ሰርቪሱ ሲመጣ ዝቅ ብዬ እግሩን አየሁ። ሸራ ጫማውን አድርጓል፤ ንጹሕ ነጭ ነው። አየሁት። ሰዎች ከኋላዬ ይገፋሉ፣ ሾፌሩ ጡሩንባ ይነፋል።

«ሽንኩርት አለ። ሽሮ ሥራና ብላ» አልኩት።

«እሺ እቴቴ» አለኝ።

ለወንድሜ ፊት ለፊት የነገርኩት የመጨረሻ ነገር ይህ ነው። ሽንኩርት አለ።

አመሻሹ ላይ ስመለስ ቤቱ ተጠርጓል። ቲቪው ለባለቤቱ ተመልሷል። የከፈታቸውን አሥር ሣጥኖች ወረቀታቸውን መልሶ፣ ላስቲካቸውን በፕላስተር ለጥፎ፣ ከሌሎቹ ጋር ካርቶኑ ውስጥ ደርድሯቸዋል። ደብተሩ ከላይ ነው። ገለጥኩት። ከሁለቱ ሕጎች ሥር በእጁ «ሦስት፦» ብሎ ጽፏል። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ጽሑፍ ፈልጌ ገጹን ሁሉ አገላበጥኩ፣ ብርሃን ላይ ይዤ አየሁት። ምንም።

በሄደ በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ነፋስ ይሰማል።

«እቴቴ፣ ተሻግረናል። ደኅና ነኝ።»

«የት ነህ? ቢኒዬ፣ የት ነህ?»

«አላውቀውም። የያዙን ሰዎች አሉ። አብዲን ለብቻው ወስደውታል። እዚህ የሚጠይቁት ወረቀት ነው፤ ወረቀት አምጣ፣ ፓስፖርት አምጣ ነው የሚሉት።» ሳቅ የመሰለ ነገር ሰማሁ። «እኔ ደግሞ የለኝም» አለኝ። ተቋረጠ።

መልሼ ስደውል ጠራ። ደግሜ ስደውል አልጠራም። ይኸው እስከ ዛሬ አልጠራም። የአብዲ እናትም ምንም አልሰማችም፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ አንዳችን የአንዳችንን ፊት አይተን እንተላለፋለን። ኤዶ ሆዳን ከሰርጉ ስትመለስ ቤቴ ድረስ መጥታ አልቅሳለች፣ የቻለችውንም መልሳልኛለች። በባሕሩ ዳርቻ ያሉ ዘመዶቿን ሁሉ ስለ ቢኒ ጠይቃለች። አልጠላኋትም። ከእኔ ይልቅ እውነቱን የተናገረች እሷ ናት።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ግማሻችሁ «ካርቶኑ ባይኖርም ይሄድ ነበር» ትሉኝ ይሆናል። የንስሐ አባቴም እንዲሁ ነው ያሉኝ። ይሆናል። ጫማው የታጠበው ካርቶኑ ከመምጣቱ በፊት ነው። ግን እስከ ማክሰኞ ብታገሥ፣ ገንዘቡ እጄ ላይ ቢኖር፣ «ሦስት ቀን ስጠኝ» ብዬ እግሩ ላይ ብወድቅ ኖሮ እላለሁ። ሦስት ቀን ምን አላት? ያን ዕድል በገዛ እጄ ስለቆረጥኩት፣ ይሄድ ነበር ወይስ ይቀር ነበር የሚለውን የሚነግረኝ የለም። የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። «ዕቅድ ይዛችሁ ግዙ» ብዬ ልመክራችሁ አልተነሣሁም፤ ምክርማ በደብተር ተጽፎ እቤቴ ነበረ። ፍርሃት ማስተዋልን ቀድሞ ሲገባ፣ ሰው የሚሰማው መስማት የፈለገውን ብቻ ነው። ወረቀት አለው ስባል የሰማሁት የምፈልገውን ወረቀት ነው።

አሁን ሥራ ላይ አንዱን ሱሪ አምስት ጊዜ እገለብጣለሁ። ዘገየሽ ተብዬ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል። ቀፊራ ሽንኩርት ስገዛ አንድ በአንድ ስለምጨብጥ ባለሽንኩርቷ ትጮህብኛለች። «ምን ልትሆኚ ነው አንቺ? ሽንኩርት ነው እኮ!» ትለኛለች። እውነቷን ነው። የማይፈተሸውን እፈትሻለሁ።

ታኅሣሥ ገብቶ ድሬ ትንሽ ቀዝቅዛለች። ካርቶኑ ወደ መንገድ በምትከፈተው ክፍል ውስጥ አለ። ቢኒ ከደወለ ወዲህ በየቅዳሜው ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ያልተከፈቱትን አንድ አንድ እከፍታለሁ። መጀመሪያ እጄ ላይ እመዝነዋለሁ፣ ቀጥሎ ጆሮዬ ላይ እነቀንቀዋለሁ፣ ከዚያ ላስቲኩን እንደ እሱ በጥፍሬ ጫፍ እከፍተዋለሁ። ምን እንደምፈልግ አትጠይቁኝ። ሁለት ቀርተውኛል። እስካሁን ሁሉም ወረቀት አለው። የሌለው ወንድሜ ብቻ ነው።